ጋሽ ዘውዴን ይዤ በነሐሴ ወደ አሰብ ደሴቶች

ይህን የምጽፈው አሰብን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ፣ ከፒያሳ ቴዎድሮስ አደባባይ ወርዶ መውጣትን እንደ ጉዞ ለምትቆጥሩ ጎረቤቶቼ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ «ባሕሩ እንዴት ነው? ምነው አፍንጫህ?» እያላችሁ በየመንገዱ ታቆሙኛላችሁ። ለሁላችሁም አንድ በአንድ መመለስ ስላቃተኝ በጽሑፍ ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደ ሄድኩ ልናገር። ጋሽ ዘውዴን የማያውቅ የፒያሳ ሰው የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ሲሠሩ ኖረው፣ አሁን ቁርጥማት ጣቶቻቸውን አጥፎባቸው ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ ትተዋል። ከጠዋት እስከ ማታ ኬክ ቤት ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ። ጽጌ የምትባል ልጅ አለቻቸው። እኔ ጽጌን ማግባት እፈልጋለሁ፤ ጽጌም እኔን ትፈልጋለች። ችግሩ እኔ ጴንጤ ነኝ። የጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ በየሰው ሳሎን ተሰብስበን ድምፃችንን አፍነን ከምንዘምረው ወገን ነኝ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። በመጀመሪያው «እስቲ ተመካክረን» ተባለ። በሁለተኛው ግን ጋሽ ዘውዴ «የእመቤታችንን ስም ለማይጠራ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ቁርጡን ነገሯቸው። ሽማግሌ የሚላከው እስከ ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ባዶ እጁን ከተመለሰ ነገሩ አበቃ። ጽጌም ብትሆን አባቷ ሳይመርቋት ከቤት እንደማትወጣ እያለቀሰች ነግራኛለች። የቀረኝ አንድ ዕድል ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሐኪም ጋሽ ዘውዴን «ሞቃት አሸዋና የባሕር ውሃ ይረዳዎታል» እንዳላቸው የሰማሁት በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው። ዓይኔ በራ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የአሰብን ባሕረ ሰላጤና ከፊቱ የተበተኑትን ደሴቶች ዓይኔን ጨፍኜ ሰሌዳ ላይ እስላቸዋለሁ። ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውሃ የእሪ በከንቱ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ነው። አሰብ ወደብ ላይ ደግሞ አብሮኝ የተማረ ከፍያለው የሚባል ወዳጅ አለኝ። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ጋሽ ዘውዴን ይዤ እሄዳለሁ፣ በደንብ እንከባከባቸዋለሁ፣ ጣታቸው ሲዘረጋ ልባቸውም ይዘረጋል አልኩ።

ኬክ ቤት ካርታዬን ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሻያቸውን እየያዙ ተጠጉ።

«ጋሽ ዘውዴ፣ እነዚህ ትሮፒካል ደሴቶች ናቸው። ነጭ አሸዋ አለ፤ ዘንባባ አለ፤ ለስለስ ያለ ነፋስ አለ» አልኳቸው።

«ዘንባባ ለሆሳዕና ነው። ለቁርጥማት ምን ያደርጋል?»

«ከጥላው ሥር ይተኛሉ እንጂ!»

«መቼ ነው የሚኬደው?»

እዚህ ላይ ነው ብልጠቴን ያሳየሁት። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው። ፒያሳ በዝናብ የምትደበደበው፣ የጋሽ ዘውዴ ጣት የሚብሰው በክረምት ነው። ሙቀት ፍለጋ የሚኬደው ታዲያ በብርድ ጊዜ አይደለም? በነሐሴ እንሂድ አልኩ። ኬክ ቤቱ በሙሉ ተስማማ። አንድ ሰው እንኳ «እረ ቆይ» አላለም፤ ሁሉም እንደኔ ጃንጥላ የያዘ የአዲስ አበባ ሰው ነበራ።

ጋሽ ዘውዴ ትንሽ አሰቡና «ፍልሰታ ነው» አሉ። «ጾሜን የትም ሆኜ እጾማለሁ። አንተ ብቻ ከፊቴ ተቀምጠህ ሥጋ እንዳትጎርስ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላደርገውም» ብዬ ማልኩ።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ስሄድ ሊቀ መንበሩ «የጉዞው ምክንያት?» አለኝ። «መዝናናት» አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። «ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ ለዘመቻ እየተጠራ አንተ ባሕር ዳር ልትንጋለል?» አለኝ። «ሕክምና ይባል» አልኩ ቶሎ ብዬ። ሕክምና ተባለ። በኋላ ሳየው ከኔ «ሕክምና» የእሱ «ዘመቻ» ለእውነቱ ይቀርብ ነበር።

የያዝነው ዕቃ የኔን የጉዞ ዕውቀት በደንብ ያሳያል። ሁለት ጋቢ፣ የጋሽ ዘውዴ ካፖርት፣ የኔ ወፍራም ሹራብ፣ ጥቁር ጃንጥላዬ፣ ጽጌ ያዘጋጀችው አንድ ጣሳ በሶ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ። ከዚህ በላይ ደግሞ ዋና ስለማልችል ከአንድ ጎሚስታ ለምኜ ያገኘሁት የከባድ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነበር።

ሰኞ። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በዝናብ ውስጥ ጋሽ ዘውዴን ከቤታቸው ወስጄ በውይይት ታክሲ አውቶቡስ ተራ ደረስን። ጽጌ ደጃፍ ላይ ቆማ አባቷን ሦስት ጊዜ ሳመች። እኔን በዓይኗ ብቻ «አደራ» አለችኝ። አውቶቡስ ተራ ሰው ይጋፋል። የደሴውና የጎንደሩ ተሳፋሪ በመስኮት ሳይቀር ይገባል። የአሰቡ አውቶቡስ ግን ግማሹ ባዶ ነው። «እግዚአብሔር መንገዳችንን አቃናልን» አልኩ ደስ ብሎኝ።

ሾፌሩ ትኬታችንን አይቶ «ዘመድ ታሞባችሁ ነው?» አለ።

«አይ፣ ለመዝናናት ነው።»

ከረዳቱ ጋር ተያዩና ሞተሩን አስነሣ። እኔ አክብሮት መሰለኝ።

ናዝሬት ስንደርስ ጋሽ ዘውዴ ካፖርታቸውን አወለቁ፤ መተሐራ ላይ ሹራባቸውን፤ አዋሽ ላይ ኮታቸውን። እንደ ሽንኩርት ተላጥን። አዋሽ ለምሳ ስንወርድ አሳላፊው ጥብስ ቅቅል ምላስ ሰንበር እያለ ዘረዘረልኝ። አፌ ምራቅ ቢሞላም «ሽሮ» አልኩ።

ጋሽ ዘውዴ በመነጽራቸው ሥር አዩኝና «ጴንጤ ፍልሰታን መጾም የጀመረው መቼ ነው?» አሉ።

«ሽሮ ስለምወድ ነው።»

«ትወዳለህ፤ አዎ፤ ፊትህ ላይ ይታያል።»

ከገዋኔ በፊት ኬላ ላይ ወታደሮች ዕቃ አስወረዱን። አንዱ የጎማውን ላስቲክ ከሻንጣዬ መዝዞ አነሣና «መኪናችሁ የታለ?» አለ። መኪና የለንም አልኩት። «ታዲያ ጎማው የምን ነው?» አለኝ። «ለመዋኛ» አልኩ። ወታደሩ ዙሪያውን አየ። እስከ ዓይን ዳርቻ ድረስ ድንጋይና እሾህ ነው። ጓደኞቹን ጠራና እንደገና እንድናገር አደረገኝ። ሁሉም ከሳቁ በኋላ ብቻ አሳለፉን። ገዋኔ ያደርነው አንዲት ሴትዮ ሆቴል ነው። ክፍሉ እንደ ምድጃ ስለነበር አልጋችንን ግቢ አወጡልን። ጋሽ ዘውዴ ጋቢያቸውን አጥፈው ትራስ አደረጉት። በዚያ ጉዞ ጋቢ የጠቀመን በትራስነቱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ። ስለዚህ ቀን ብዙ መናገር አልችልም፤ አብዛኛውን ራሴን በመስኮት አውጥቼ ነው ያሳለፍኩት። የሚገባው ነፋስ ሰው ፊት ላይ የሚተነፍስ በሬ ይመስል ነበር። ጎማ ፈነዳ፤ ሾፌሩና ረዳቱ ሲቀይሩ እኔ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ጋሽ ዘውዴን አስጠለልኳቸው። ያ ሁሉ ዕቃ ተሸክሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የረባ ነገር የሠራሁት ያኔ ነው። ፊት ለፊታችን የሚመጡት አውቶቡሶች በሙሉ ጢም ብለው ሞልተዋል። ጣሪያቸው ላይ ፍራሽና አልጋ ሳይቀር ተጭኗል። ጋሽ ዘውዴ ሦስተኛው ሲያልፍ «አስተማሪ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ወዴት ነው የሚሸሸው?» አሉኝ። «ለዓመት በዓል የሚሄዱ ይሆናሉ» አልኩ። የምን ዓመት በዓል እንደ ሆነ አልጠየቁኝም። ዲቾቶ አድረን ጉዟችንን ቀጠልን።

ረቡዕ። አሰብ ስንወርድ ከፍያለው አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። አቅፎ ይስመኛል ስል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ዮናስ፣ አብደሃል? በነሐሴ? መሄጃ ያለው ሰው ሁሉ ደሴና አዲስ አበባ ወጥቶ በቀረበት ወር እኚህን ሰውዬ ይዘህ ትመጣለህ?»

«ክረምት ነው ብዬ እኮ ነው።»

«ክረምት ላንተ ነው! እዚህ የሚቀዘቅዘው፣ የሚዘንበውም በበጋ ነው፤ በታኅሣሥ በጥር። ይህን አታውቅም?»

አውቃለሁ። ክፉው ነገር ያ ነው። የቀይ ባሕር ጠረፍ የሚሞቀው ደጋው ክረምት ላይ ሲሆን መሆኑን በየዓመቱ አስተምራለሁ። በፈተና እጠይቃለሁ፤ ያልመለሰውን ተማሪ እጥላለሁ። ግን ያ የሰሌዳ ላይ ነገር ነበር። እኔ ደግሞ ጉዞዬን ያቀድኩት በመስኮት ዝናቡን እያየሁ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ተቀምጬ ብፈተን ኖሮ እኔም እወድቅ ነበር።

ጋሽ ዘውዴ ሁሉንም ሰሙ። ላባቸውን ጠርገው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉና ካፖርታቸውን ይዘው ወደ ጥላ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስተኛው ሽማግሌ ሲመጣ የሚሉት ነገር ከወዲሁ ተሰማኝ፦ የእመቤታችንን ስም አይጠራ፣ ወሩን አያውቅ።

የከፍያለው ባለቤት ልጆቿን ይዛ እናቷ ዘንድ ደሴ ወጥታለች። ብቸኛዋን ማራገቢያ ለጋሽ ዘውዴ ሰጠን፤ እሱና እኔ አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክረን ለብሰን ጣሪያ ላይ ተኛን። አንሶላው ሳልተኛ ደረቀ። በዚህ ሰዓት እሪ በከንቱ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ እንዴት እየወረደ እንደ ሆነ፣ ሰፈራችን በጭቃ እንዴት እንደ ላቆጠ ሳስበው እንባዬ መጣ። በዚያ ጭቃ ስንት ጊዜ ተራግሜያለሁ!

ሐሙስ። ከፍያለው ከሚመለከታቸው ሰዎች ፈቃድ አግኝቶ አንድ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ አሳፈረን። ጋሽ ዘውዴ እግራቸውን ከማንሣታቸው በፊት ቆም አሉ።

«ስምህ ዮናስ አይደል?»

«አዎ ጋሽ ዘውዴ።»

«ዮናስ የሚባል ሰው ይዤ ባሕር ልግባ? መጽሐፉን አንተ ነህ አዘውትረህ የምታነበው፤ አብረውት የተሳፈሩት መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

ጀልበኛው አማርኛ ይሰማ ነበርና «ዩኑስ?» ብሎ ሳቀ። እሱም ታሪኩን ያውቀዋል። መሐል ላይ አስቀመጠኝና በአንድ እጁ መቅዘፊያ፣ በአንድ ዓይኑ እኔን እየጠበቀ ሄድን።

ደሴቲቱ ታየች። ዘንባባ የለም። ካርታዬ ላይ አረንጓዴ የተቀባችው ደሴት ጠጠር፣ ጨው የመታው አሸዋ፣ ከምንጣፍ የተሠሩ ጥቂት ጎጆዎች፣ ፍየሎችና አንድ ጎባጣ የግራር ዛፍ ናት። ዛፉ ሥር ያለችውን ጥላ ፍየሎቹ ቀድመው ይዘዋታል። ጋሽ ዘውዴ «ከጥላው ሥር ይተኛሉ ያልከኝ ይኼ ነው?» አሉ። መልስ ልሰጥ ስዞር እግሬ ተንሸራተተና እኔም፣ የስንቁ ጣሳም ባሕር ገባን። ውሃው እስከ ጉልበት ስለነበር እኔ ተረፍኩ። ጣሳው ግን ክዳኑ ተከፍቶ ያ ጽጌ ቆልታ ያስፈጨችው በሶ ባሕሩ ላይ ተበተነ። ቀይ ባሕርን በሶ አጠጣሁት። ልቀዘቅዝበት አገር ያቋረጥኩለት ውሃ ደግሞ ለሻይ ሊፈላ ትንሽ ብቻ ነበር የቀረው።

የተቀበለን ሑመድ የሚባል ረዥም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ አፋር ነው። ዕድሜው የጋሽ ዘውዴን ያህላል። ድሮ ወደብ ላይ ዕቃ ያራግፍ ስለነበር አማርኛ ይችላል፤ ብቻ «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም። «አንተ ሽማግሌ፣ ና፣ ተቀመጥ!» አላቸው። ፒያሳ ውስጥ አሳላፊ «አንተ» ቢላቸው ኬክ ቤቱ ይዘጋ ነበር። እዚያ ግን ጋሽ ዘውዴ ፈገግ ብለው ተቀመጡ። ውሃ ሰጠን፤ ቴምር ሰጠን፤ ራሳችንን እስክናስታግስ ምንም አልጠየቀንም። እኔም ደስ ብሎኝ ጋደም ልል ስል ከጎጆው ጀርባ ፍየል ጮኸች፤ ወዲያውም ዝም አለች።

ጋሽ ዘውዴና እኔ ተያየን። ለእኛ ነው የታረደችው።

ለማያውቅ ሰው ችግሩን ላስረዳ። ጋሽ ዘውዴ በፍልሰታ እንኳን ሥጋ፣ ዓሣም ደም አለው ብለው አይቀምሱም። ጾም ባይሆን እንኳ ክርስቲያን ያላረደው ሥጋ ካባት ከናት ጀምሮ አልተበላም። እኔስ? ጴንጤ ነኝ፤ ጾሙ አያስረኝም። ነገር ግን የኔም እናት እሪ በከንቱ ውስጥ በማተብ ያሳደገችኝ ናት። ስለ ነጻነት በሳሎን ውስጥ ስንት ጊዜ ሰብኬ፣ እስላም ያረደው ሥጋ አንድ ጊዜ እንኳ በአፌ አልዞረም። ይባስ ብሎ ፊታቸው ላይ ሥጋ እንዳልጎርስ ለጋሽ ዘውዴ ምያለሁ።

ትልቅ ሳህን ሩዝ ላይ ሥጋው ተከምሮ መጣ። ሑመድ ጥሩ ጥሩውን እየመረጠ ወደኛ ገፋው። ጋሽ ዘውዴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ወንድሜ፣ የማርያም ጾም ላይ ነኝ» አሉት። ሑመድ ራሱን ነቀነቀ። ጾም ይገባዋል፤ እሱም ይጾማል። ከዚያ ዓይኑ ወደኔ ዞረ። በዚያ ሙቀት ካሉት ጥቂት ፍየሎች አንዷን ለማያውቃቸው ሰዎች ያረደ ሰው ነው፤ የምመልሰውን እየጠበቀ ነው።

ጋሽ ዘውዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ብላ።»

«ጋሽ ዘውዴ፣ ከፊትዎ አልበላም ብዬ የማልኩት…»

«መሐላህን ፈትቼልሃለሁ። ሰው አርዶ ማንም ሳይነካለት ሊያድር ነው? ምን ዓይነት ነውር ነው?»

«እኔም እኮ እንዲህ ያለውን በልቼ አላውቅም!»

«ሽማግሎችህ ቤቴ መጥተው ‹እኛ ነጻ ነን› ሲሉኝ አልነበር? ይኸው ነጻነትህ ቀረበልህ። ብላ!»

ወጥመድ መሰለኝ። ብበላ ነገ ለሽማግሎቹ «ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሰው ነው» ይላሉ። ባልበላ እሳቸውንም ሑመድንም አዋረድኩ። ሁለቱንም ጎኑን ሳሰላው ጽጌ የለችበትም። ጽጌን ያጣኋት መሰለኝ። ሑመድ ግን አሁንም ያየኛል። ፊቱ ላይ ሥጋት አየሁ፤ ፍየሏ ትንሽ ናት ብለን የናቅነው መስሎት ይሆናል። እንግዲህ ጽጌ ብትቀርም ይህን ሰው አላሳፍርም አልኩና በልቤ «ጌታ ሆይ፣ እናቴን አታሳያት» ብዬ ጎረስኩ።

ይጣፍጣል። ይህን ደብቄ ማለፍ አልችልም። አንዱን ስጨርስ ሑመድ ሌላ ይሰጠኛል፤ «የሽማግሌውንም አንተ ነህ የምትበላ» ይለኛል። ጋሽ ዘውዴ ቴምራቸውን እየቆረጠሙ «አዎ፣ የኔንም ስጠው» ይላሉ። የሁለት ሰው ድርሻ፣ ከዚያ የሦስት፣ በዚያ ሙቀት በላሁ። በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቄ ከጎጆው ጀርባ ሄድኩና የሆነው ሆነ። ፍየሎቹ ቆመው አዩኝ።

እዚያ አሸዋው ላይ ተንበርክኬ ወደ ጎጆው ዘወር ስል ሁለቱ ሽማግሎች ፊት ለፊት ቁጢጥ ብለው ያወራሉ። ይህ ዳጉ የሚባለው የአፋሮች ወግ ነው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትን የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ፤ የሰማውም ቀጥሎ ላገኘው ሰው ይናገራል። መዋሸት ነውር ነው። እኔ እዚያ ስሠቃይ ጋሽ ዘውዴ ኬክ ቤታቸውን አገኙት ማለት ነው። የታጠፈ ጣታቸውን ወደኔ ቀስረው አንድ ነገር ተናገሩ። ሑመድ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። በቃ፣ ለምን ልጃቸውን እንዳልሰጡኝ እየነገሩት ነው አልኩ። አፌን ጠርጌ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ጉዞ እንደዚያች ሰዓት የከፋኝ የለም።

ዓርብና ቅዳሜ። ሑመድ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ጋሽ ዘውዴን እስከ ክንዳቸው አሸዋ ውስጥ ይቀብራቸዋል። እኔ ጃንጥላ እይዛለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። የጎማውን ላስቲክ ነፍቼ አንድ ጊዜ ባሕሩ ላይ ተኛሁበት፤ ፀሐይዋ አፍንጫዬን ላጠችው፤ ላስቲኩም ስለጋለ እየጮህኩ ዘለልኩ። የሑመድ ባለቤት ቅቤ ሳይሆን የዓሣ ዘይት ቀባችኝ። ለጋሽ ዘውዴ ደግሞ ባዶ ሩዝ ለብቻ ትቀቅልላቸዋለች፤ የዓሣው ማንካ እንዳይነካው ሌላ ማንካ አጥባ ታስቀምጣለች። ማንም አልነገራትም፤ ራሷ አስባው ነው። እኛ ፒያሳ ውስጥ ጎረቤት የሚጾመውን ቀን ለማወቅ የምንሞክር ስንቶቻችን ነን? ዓርብ ጠዋት አንድ ዓሣ የጫነ ጀልባ ወደ አሰብ ሄደ። እኔም አብሬው ለመሄድ ቃጥቶኝ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ስለ ሽማግሌም ስለ ጽጌም አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በየሰዓቱ «ጃንጥላውን ወደዚህ» ይሉኛል፤ ሌላ የለም።

እሑድ በጀልባ አሰብ ተመለስን። ሑመድ ሲሸኘን ጋሽ ዘውዴ ካፖርታቸውን ሰጡት። ነሐሴ ላይ ለአሰብ ሰው ካፖርት! ግን ሑመድ በሁለት እጁ ተቀበላቸው፤ ትከሻቸውን ሦስት ጊዜ ሳማቸው።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ላይ ወጣን። ስንሄድ አውቶቡሱ ባዶ ነበር፤ አሁን መጨናነቁ የኛ ተራ ሆነ፦ ፍራሽ፣ ዶሮ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ከነቤተሰቡ የሚሸሽ ሕዝብ። ጋሽ ዘውዴ ወንበር አገኙ። እኔ ከሥራቸው አንድ የጨው ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። የሚሸሸው ሰው ወዴት እንደሚሸሽ ያኔ ገባኝ።

ማክሰኞ ሚሌ ላይ ለሻይ ቆምን። እኔ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ጋሽ ዘውዴን ሳወርድ አንድ አፋር፣ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ወገቡ ላይ የታጠቀ ጎልማሳ፣ ከሻይ ቤቱ ጥግ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደኛ መጣ። መጀመሪያ ጃንጥላውን አየ። ከዚያ አፍንጫዬን። ከዚያ የጋሽ ዘውዴን ጣቶች።

«ፍየሉን የበላኸው አንተ ነህ» አለኝ።

ክው አልኩ። «የምን ፍየል?»

«የሑመድን። ሽማግሌው ጾም ነው፤ አንተ በሱ ፈንታ በላህ። ሆድህ እምቢ እስኪል በላህ። ሑመድ ደስ አለው። ከአሰብ የመጣ የቦቴ ሾፌር ነው የነገረን።» እጁን ዘረጋልኝ። «ሰላም ነው? መንገዱ ሰላም ነው? አንተ የሽማግሌው ልጅ ባል ነህ። ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ነው። እንኳን ደስ ያለህ።»

ጃንጥላው ከእጄ ወደቀ። ወደ ጋሽ ዘውዴ ዞርኩ። ጋሽ ዘውዴ ሻያቸውን እያማሰሉ ብርጭቆው ውስጥ የጠፋ ነገር ያለ ይመስል አጎንብሰዋል።

«ጋሽ ዘውዴ?»

«ምን ልበል?» አሉ ቀና ሳይሉ። «በኔ ፈንታ እስኪያምህ ስትበላ አይቶ ሑመድ ‹ይህ ልጅ ምንህ ነው?› አለኝ። ዳጉ ላይ አይዋሽም አሉ። አማቼ ነው አልኩት።»

«ለእኔስ? አምስት ቀን ሙሉ ስሞት እያዩ ለእኔ አይነግሩኝም?»

አሁን ቀና አሉ፤ እንደ ፒያሳው ጋሽ ዘውዴ ቆጣ ብለው። «ላንተ! ወግ የለም እንዴ? ልጄን ላንተ በቃሌ የምሰጥህ ሻይ ቤት ነው? ሽማግሎችህን ትልካለህ፤ ያን ጊዜ ይሰማሉ። ደግሞ ቀስ ብዬ፣ ትንሽ እምቢ ብዬ ነው የምቀበላቸው፤ እንዳትነግራቸው።»

ከፍራሹና ከዶሮው መሐል የነበሩት ሴቶች ነገሩን ሰምተው እልል አሉ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አፋሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ፤ ወሬውን ለሚቀጥለው ሰው ሊያደርስ ነው። እኔ ያንን ሁሉ ሰው እያየሁ የጨው ከረጢቴ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከአሰብ እስከ ሚሌ ያለ በረሃ በሙሉ ጽጌን እንደማገባ ያውቃል። ያልሰማችው አዲስ አበባ ዝናብ ውስጥ መስኮት ላይ ተደግፋ የምትጠብቀው ሙሽራዋ ብቻ ናት።